ሥራ ላይ ያለ ጫማ

«እሺ እመቤት፣ ማሽኑ ውሃ የሚያፈሰው ከፊት ነው ከኋላ?» አለች፣ የመኝታ ቤቱን በር በጀርባዋ ገፍታ እንደያዘች።

ከበሩ ማዶ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ለቅሶው እንደገና ይነሳል።

«ከፊት ነው» አለች ደዋይዋ። «እናንተ ጋ ግን ማነው የሚያለቅሰው?»

«ቴሌቪዥን ነው።»

ፊቷ በእፍረት ጋለ። አማቷ ሞተው፣ ለቅሷቸውን ቴሌቪዥን አደረገችው!

ምን ታድርግ? የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለሚሸጥ ድርጅት፣ ቤቷ ሆና የደንበኞችን አቤቱታ በስልክ ትቀበላለች። የሐዘን ፈቃዷ ትናንት አልቋል። አለቃዋ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዛሬ ጥሪዎችሽን አዳምጣለሁ። ቤትሽ የሚረብሽ ከሆነ ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ትገቢያለሽ» ብሏታል። ቢሮ ከገባች ልጆቹን ማን ይይዛል? ይይዙ የነበሩት ተቀብረዋል።

በሩ ከነጀርባዋ ተገፋ። የአራት ዓመቷ ልጇ አንገቷን አስገባች።

«እማዬ! ወንድሜ የሽማግሌውን ባርኔጣ ሽንት ቤት ከተተው!»

ከልጅቷ ኋላ አንዲት ለቀስተኛ ሳህን ይዘው ደረሱ። «አንቺ ልጅ፣ እህል ሳትቀምሺ ልትደፊ ነው? ብዪ እንጂ!»

«ኧረ ትብላ» አለች ደዋይዋ ከወዲያ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ጥሪው እንደምንም አለቀ። ወዲያው የአለቃዋ መልእክት ገባ፦ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? የሚቀጥለውን ሰምቼ እወስናለሁ።»

በሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም።

አማቷ ትንሹ ሲወለድ ሊያግዙ መጥተው በዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ላይ ሥራዋን ሥራ ነው ብለው አልተቀበሉትም። «ምራቴ ከግድግዳ ጋር እያወራች ደሞዝ ትበላለች» ይሉ ነበር ለዘመድ። በጥሪ መሃል ቢላና ድንች ይዘው ይገባሉ። «በትልቁ ልክተፈው በትንሹ?» አንድ ቀን በዚሁ ምክንያት አለቃዋ ተቆጥቷት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አገኟት። በማግስቱ አረንጓዴው ነጠላ ጫማቸው፣ አፍንጫውን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዙሮ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ስሙ» አሏቸው ልጆቹን። «ጫማዬ ወደ በሩ ካየ እናታችሁ ሥራ ላይ ናት። ማንም አያልፈውም፣ እኔም ብሆን። ወደ ሳሎን ሲዞር ያኔ የእናንተ ናት።»

ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በካልሲ ይውላሉ።

«እማማ፣ እግርዎን ይበርድዎታል። ሌላ ጫማ ልግዛልዎት።»

«ሌላውን ልጆቹ አያውቁትም። ይሄኛው ደግሞ ሥራ ላይ ነው።»

አመሻሽ ላይ ሥራ መጨረሷን ስትነግራቸው፣ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ይሉና ጫማውን ያዞሩታል። ልጆቹም እርስ በርስ እየተገፋፉ ይገባሉ።

«የአያትሽ ጫማ የታለ?» አለቻት አሁን ልጇን በሹክሹክታ።

«አክስቴ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። እንግዳ ያደናቅፋል አለች።»

ስልኩ ጮኸ። ልጇን በቀስታ ወደ ውጭ ገፍታ በሩን ዘጋች።

«ማሽናችሁ ካልሲዬን በላው!» አለ አንድ ሰውዬ፣ ሰላም ሳይል።

ጩኸቱን ጠበቀች። አልመጣም። ለቅሶ የለም፣ ሩጫ የለም፣ የሳህን ኮሽታ እንኳ የለም። ይሄ ይባስ አስፈራት። ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ያውቀዋል፤ ጩኸት ሰላም ነው፣ ዝምታ ግን መቀስ አግኝተዋል ማለት ነው። ሰውዬውን ማጣሪያውን አስፈታችው፣ አስጠረገችው። ካልሲው ከዚያው ወጣ። ሰውዬው ደግሞ ከልቡ አመሰገናት።

አለቃዋ ጻፈ፦ «ጥሩ። ከቤትሽ ቀጥዪ።»

በሩን በርግዳ ልትሮጥ ስትል እግሯ አየር ላይ ቀረ። አረንጓዴው ጫማ ደፉ ላይ ነው፤ አፍንጫው ወደ እሷ። ከጫማው አጠገብ ልጇ በካልሲ ቆማ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ባሏ ትንሹን ጭኑ ላይ አጥብቆ ይዟል። የባሏ እህት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አዲስ የመጡ ለቀስተኞች አፋቸውን እንደከፈቱ መግቢያው ላይ ደርቀዋል።

ባርኔጣ የሌላቸው ሽማግሌ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አሁን ማልቀስ ይቻላል?»

ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። አንዱን ጫማ፣ ከዚያም ሌላውን፣ ወደ ሳሎን አዞረች።