ዳኛው ያልነዳው ብስክሌት

ብስክሌቱ የመጣው ዳኛው ከሆስፒታል ወደ ቤቱ በተመለሰበት ሳምንት ነው። ዕቃ አመላላሹ ትልቁን ካርቶን በሩ ላይ አስደግፎ "ፈርሙልኝ" ሲል፣ እናትየው የሚጠብቁት ተሽከርካሪ ወንበር መስሏት "እሰይ፣ ቶሎ ደረሰ" ብላ ፈረመች። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ያየችው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። እስክሪብቶዋን ሳይመልስላት ሄዶ ኖሮ፣ ታላቅ ልጇ ከሥራ ስትመለስ እናቷን ኮሪደሩ ላይ ባዶ እጇን እያየች ቆማ አገኘቻት።

ዳኛው ዳኛ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ስሙን ያወጡለት ብስክሌት የሚነዱ ጓደኞቹ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ብስክሌት ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ እሱ ጋ ይዞት ይመጣል። እሱም የብስክሌቱን አጽም፣ ቴላዮውን፣ በጥፍሩ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ያሽከረክራል፤ ፍሬኑን ጨብጦ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይነቀንቀዋል። ከዚያ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ጫካ አንድ ዙር ነድቶት ይመለስና ፍርዱን ይሰጣል። "ይኼ ሽቅብ ላይ ጉልበትህን የሚሰርቅ ሌባ ነው" ካለ አለቀ፣ አይገዛም። "ውሰደው፣ አይከዳህም" ካለ ይገዛል። ይግባኝ የለም።

እሱ ራሱ ግን ለብዙ ዓመታት የነዳው ከፊት ብቻ ንዝረት የሚያበርድ ሞላ ያለው፣ ኋላው እንደ በቅሎ የሚራገጥ አሮጌ ብስክሌት ነበር። ለሰው ሲሆን ለመፍረድ የማይዘገየው ሰው ለራሱ ሲሆን ሲያነሣ ሲጥል ከረመ። በመጨረሻ ቆረጠና ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ለተራራ ቀጭን መንገድ የተሠራ ብስክሌት አዘዘ። ያዘዘው ሳይደርስ የሚሠራበት ሕንፃ መወጣጫ ከሥሩ ተንሸራተተ። ስንት ገደል ለገደል የወረደ ሰው፣ ከእንጨት ርብራብ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከወገቡ በታች ያለው እንደማይመለስለት ሳይሸፋፍኑ ነገሩት። እሱም ሰምቶ "እሺ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሲያለቅስ ያየው የለም፤ እናቱን የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

እኅቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ "እታለም" ነው የሚላት። የእረፍት ቀን ሲገጥማቸው አብራው ጫካ ትወጣ ነበር፤ ለብስክሌቱ ፍቅር ኖሯት ሳይሆን፣ ከእሱ ጋር የምታወራው እዚያ ስለሆነ ነው። ካርቶኑን ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት።

"ወደ መጣበት ይመለስ" አለች እናትየው በሹክሹክታ።

"እማዬ፣ የሱ ነው። እሱን ሳንጠይቅማ አይሆንም።"

"ምን ብለሽ ልትጠይቂው ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ብለሽ?"

ካርቶኑን ሥዕሉ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አድርገው ኮሪደሩ ላይ አቆሙት። የተደበቀ ነገር ግን እንኳን ሥራ ፈትቶ ለተኛ ሰው ለማንም አይሰወርም። ዳኛው ከአልጋው ሆኖ ኮቴያቸውን ሲያዳምጥ ቆየና እኅቱን ጠራት።

"ኮሪደሩ ላይ ምን ተቀመጠ?"

"ምን ሊቀመጥ?"

"እማዬ ስታልፍ በጎን ነው የምትራመደው። አንቺም እንደዚያው።"

እውነቱን ነገረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግሥቱ ቁርሱን ከበላ በኋላ "አምጡትና እዚህ ግጠሙት" አለ።

አናጢውን አስጠሩት። አናጢው የልብ ጓደኛው ነው፤ ቁመቱ ከበር ጉበን የሚላተም፣ ወሬው ግን አጭር። ካርቶኑን ከአልጋው አጠገብ ቀደዱትና፣ ዳኛው ትራስ ተደግፎ እያዘዛቸው መሪውን፣ የፊት ጎማውን፣ ፔዳሎቹን አሰሩ። ብስክሌቱ ቆሞ ሲታይ ቀለሙ የዝናብ ደመና የመሰለ፣ ጎማው ሰፊ፣ ከኮርቻው ሥር ጥቁር የአየር ሞላ የተጋደመበት ነበር። ዳኛው እጁን ዘርግቶ ቴላዮውን በጥፍሩ አንኳኳ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያንኳኳው፤ ከዚያ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ።

"እታለም፣ ስንት ኪሎ ነሽ?"

"እሱማ የመንግሥት ምሥጢር ነው።"

"ምሥጢሩን ሳላውቅ የኋላውን ሞላ አየር መሙላት አልችልም። ስትቀመጪበት ትንሽ መስጠም አለበት። ብዙ ከሰጠመ ሽቅብ ላይ ይተኛብሻል፤ ጭራሽ ካልሰጠመ ደግሞ ድንጋዩን አይውጥልሽም።"

"እኔ ምን አገባኝ? የምነዳው እኔ ነኝ እንዴ?"

"አንቺ ነሽ። ጫካ ወስደሽ ንጂውና ምን እንደሚመስል ንገሪኝ። የማደርገውን ከዚያ በኋላ አስባለሁ። ያለዚያ ስገምት ልኖር ነው፤ ግምት ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።"

ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ኪሎዋን ነገረችው። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "አውቶቡሱ አንቺን ነው የሚሸከመው ወይስ ተሳፋሪውን?" አለ። ለአናጢውም ምን ያህል አየር እንደሚነፋ ነገረው።

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው በራሱ ብስክሌት፣ እሷ በአዲሱ ወጡ። ከልቧ ፈርታዋለች፤ ከአደጋው ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። ሽቅቡን ስትጀምር እንደ ፍራሽ እየተነሣ እየተቀመጠ ጉልበቷን የሚጨርሰው መስሏት ነበር። አልሆነም። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ወደ ፊት ይላል፤ የኋላው ጎማ የዛፍ ሥር ላይ ሲደርስ እግሩን አንሥቶ እንደሚያልፍ ሰው እርምጃውን ሳያበላሽ ያልፋል። ድሮ ወርዳ የምትገፋበት ቦታ ላይ ሳትወርድ ወጣች።

ቁልቁለቱ አናት ላይ አናጢው ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ በታች ያለው መንገድ ድንጋይ የፈሰሰበት ነው። በአሮጌው ብስክሌቷ ስትወርደው ጥርሷ ይንገጫገጭ፣ እጇ እስከ ክንዷ ይደነዝዝ፣ ቤት ስትደርስ ብርጭቆ ማንሣት ያቅታት ነበር። ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ብስክሌቱን ቁልቁል ለቀቀችው።

ድንጋዩ እዚያው ነበረ። ጎማው ሲመታው ይሰማታል፤ ምቱ ግን እጇ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። መሪው ባየችበት በኩል ሄደላት። ፍሬኑን በአንድ ጣት ነካ ስታደርገው እሺ አለ፣ አልነጠቃትም፤ ስንት ቶን በፍሬን ስታቆም የኖረች ሴት እንዲህ ያለ ታዛዥ ፍሬን አላጋጠማትም። ግማሽ ላይ ስትደርስ ድምፅ ሰማች። የራሷ ሳቅ ነበር። ልጅ ሆና በጎረቤት ጋሪ ቁልቁለት ስትወርድ የሳቀችውን ሳቅ እየሳቀች ነበር።

ከታች ስትደርስ አሁንም እየሳቀች ወደ ኋላዋ ዞረች። ዞራ የፈለገችው እሱን ነበር። ሁልጊዜ ከኋላዋ እየወረደ "አየሽ አይደል?" የሚለውን። የመጣው አናጢው ነው። ብስክሌቱን ሣር ላይ አስተኛችና ጎኑ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች። አናጢው አጠገቧ ተቀመጠ።

"መጥፎ ነው እለዋለሁ" አለች በኋላ። "ይህን ብነግረው ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው።"

"እንዳልሽ" አለ አናጢው። "እኔን ከጠየቀኝ ግን እንጃ፤ ውሸት አልችልበትም።"

ቤት ሲደርሱ ዳኛው ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ እየጠበቃት ነበር።

"እህስ?"

"ይከብዳል። ሽቅቡ ላይ ይጎትታል" አለችና ከጠርሙሱ ውኃ ቀዳችለት። "ትንሽ ፍራሽ ፍራሽ ይላል።"

"ቁልቁለቱስ?"

"ያው ነው። ከድሮው ብዙም አይሻል።"

ብርጭቆውን ስታቀብለው አልተቀበላትም። ዝም ብሎ እጇን ያያል። እሷም ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

"እታለም" አለ በዝግታ፣ "ያን ድንጋይ ወርደሽ መጥተሽ፣ ውኃው ንቅንቅ አላለም።"

አንገቷን ደፋች።

"ሁሉም ሰው እንደ ብርጭቆ በጥንቃቄ ይይዘኛል። እማዬ ትዋሸኛለች፣ ነርሶቹ ይዋሹኛል። አንቺን የላክሁሽ አንቺ ስለማትችዪበት ነው። ቁጭ በዪና ንገሪኝ። ከበሩ ጀምሪ።"

ቁጭ አለችና ከበሩ ጀመረች። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማት። ሽቅቡን ነገረችው፤ የዛፉን ሥር፣ ሳትወርድ ያለፈችበትን ቦታ ነገረችው። እሱም እያቋረጠ "መንገዱ ታጥፎ ግንዱ የወደቀበት ጋ ስትደርሺ የፊቱ ጎማ ተንሸራተተ?" ይላል፤ "አልተንሸራተተም፣ ነክሶ ያዘ" ትለዋለች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ትከሻው መታጠፊያው በመጣ ቁጥር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያዘነብል ነበር። መሳቋንም አልደበቀችውም። ማንን ዞራ እንደፈለገች ግን ለራሷ አስቀረችው።

ስትጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ "ልክ ነበርኩ ማለት ነው" አለ። "ደኅና አድርጌ ነው የመረጥኩት።"

ከዚያ ፊቱ ተጨማደደ። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንዳስቀመጠው ያልታወቀው ለቅሶ መጣ፤ ድምፅ ያለው፣ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ለቅሶ። እናትየው እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ እየሮጠች ገባች።

"ምን አልሽው? ልጄን ምን አልሽብኝ?"

"ተያት እማዬ" አለ በለቅሶው መካከል። "እውነቱን ነው የነገረችኝ።"

እናትየው ከአልጋው በወዲያ በኩል ተቀምጣ በእርጥብ እጇ ራሱን ያዘችው። ሦስቱም አለቀሱ። አናጢው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወለሉን ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ዳኛው ብስክሌቱን ለአናጢው እንደሰጠው ተናገረ። አናጢው እንቢ አለ። "እዚሁ ይቁምልህ፤ እያየኸው" አለው።

"እያየሁት ምን ልሆን? ይኼ ነገር ቆሞ የሚያረጅ ዕቃ አይደለም። ደግሞ ያንተን ጋሪ ዱሮም ፈርጄበታለሁ፣ አልሰማ ብለህ እንጂ። በል ውጣበት፣ አየሩን እንየው።"

አናጢው ግድግዳውን ተደግፎ ወጣበት። ዳኛው ወደ አልጋው ጠርዝ ተስቦ በእኅቱ ትከሻ ተደገፈና፣ የኋላው ሞላ ምን ያህል እንደሰጠመ በዓይኑ እየለካ "ጨምር... ጨምር... ትንሽ ቀንስ... በቃ" አለ። ለሌላ ሰው አካል እያስተካከለው እንደሆነ እኅቱ ታየዋለች። ትከሻዋን የያዘው እጁ ጠበቀ እንጂ ድምፁ አልተለወጠም። "ውሰደው፣ አይከዳህም" አለው። አናጢው ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ከዚያ ቤት ደጃፍ ሊቀመጥበት አልደፈረም፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ በእግሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከጫካ ሲመለስ እየመጣ ይነግረው ጀመር። ያ ዝምተኛ ሰው ለጓደኛው ሲል ማውራት ተማረ፤ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ የት ጋ እንደወደቀ፣ ማን እንደቀደመው። ዳኛው ይጠይቃል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ይስቃል። እናትየውም በዚህ ተጽናናች፤ "ልጄ ለመደው" ትላለች ለጎረቤት።

አንድ ቅዳሜ ግን አናጢው ገና "ዛሬ ድንጋዩ ጋ" ሲል ዳኛው እጁን አነሣ።

"ዛሬ አትንገረኝ፣ ወንድሜ።"

"ደከመህ?"

"አይ። ዛሬ አልችለውም።"

አናጢው ኪሱን ዳበሰ። እኅትየው ከሥራ ገብታ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም ነበር፤ ወንበር ስባ በአልጋው በሌላው በኩል ተቀመጠች። ልታጽናናው አልሞከረችም። ዳኛው ጣሪያውን እያየ፣ እነሱ እሱን እያዩ፣ ክፍሉ ውስጥ ብርሃኑ እስኪደበዝዝ ተቀመጡ። ከዚያ አናጢው ስለሚሠራው በር ማውራት ጀመረ፤ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እንዳስቸገረው፣ ማጠፊያው አልገጥም እንዳለው። ዳኛው ሰማው። ቆይቶም "እርጥብ ከሆነ ለምን ቸኮልክ?" አለው።