በቧንቧው ትይዩ

ግንበኛውን ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ የግድግዳን መጣመም የሚያሳብቅ በክር የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ሰውየውም እንደዚያው የማይወላገድ፣ አንዴ "አይሆንም" ካለ ሰማይ ቢደፋ የማይመለስ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ፌራዮ ነው፤ ለኮንክሪት ብረት ያስራል። ከሲታ ስለሆነ ሽቦ ይሉታል። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሰባት ዓመት ሞላቸው።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲያጣጥር ሽቦ ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነበርና ሳይደርስ ቀረ። ቱንቢ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "አባቱን በብረት የለወጠ!" አለው። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? የአባታቸው ግቢ ለሁለት ይከፈል፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ ይቁም ተባለ። ታዲያ ጉዱ፣ ግድግዳውን ባዕድ እንዲሠራው ሁለቱም እምቢ አሉ። "በአባታችን ግቢ የሰው እጅ አይገባም" ብለው በዚህች ብቻ ተስማሙ። ሽቦ ብረቱን አስሮ፣ በአንድ በኩል ኮንክሪቱን የሚይዘውን ሳንቃ ገጥሞ ሄደ። በማግስቱ ቱንቢ የቀረውን ሳንቃ ዘግቶ ኮንክሪቱን ሞላ፤ የወንድሙን የእጅ ሥራ ላለማየት ፊቱን አዙሮ! እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ዘንድሮ ሽቦ ከፎቅ ላይ ወድቆ ጀርባው ተሰበረ። ሁለት ወር ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ሚስቱ አንድ ጠዋት ቱንቢ በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም አሉ። እሱም እኛ በኩል ባለው በአባቴ ክፍል ልሙት ይላል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ያመጣዋል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"የእኛ መግቢያ ጠባብ ነው፤ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ቃሬዛው አይዞርም። ጀርባውን ካጎበጡት ደግሞ እዚያው ነው የሚቀረው።" መሬት መሬት እያየች ጨመረች፤ "በእሱ ግቢ ልለፍ፣ ግድግዳውን ይቁረጥልኝ፣ እሱ ጋ ካለው ቧንቧ ትይዩ ይጀምር ብሏል።"

ቱንቢ በገነ። "ተኝቶም ያዘኛል? የት እንደምቆርጥ እሱ ነው የሚነግረኝ?" አለ። ይህን እያለ ግን ጫማውን ያጠልቅ ነበር።

ማሽን አከራዩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መቁረጫ አወጣለት።

"ይሄ አራት ጣት አይዘልቅም" አለ ቱንቢ። "ግድግዳው ሃያ ሳንቲም ነው። ያሰረው ደግሞ ወንድሜ ነው፤ እሱ ያሰረውን ዝሆን አይበጥሰውም። የቤንዚኑን አምጣ።"

የቤንዚኑ መጣ። የተገጠመለትን ዲስክ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የድንጋይ ነው፣ ብረት ሲያገኝ ይደነዝዛል። ኮንክሪትም ብረትም የሚበላውን ባለአልማዝ አስወጣ። ስንጥቅ እንዳይኖረው ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ዲስኩ ላይ የተሳለው ቀስት በመዞሪያው አቅጣጫ መሆኑን አየ፣ የሞተሩን ቀበቶ ተጭኖ መወጠሩን ፈተነ።

"ሚስት ስትመርጥም እንዲህ አገላብጠህ ነው?" አለ አከራዩ።

"ሚስት እግር አትቆርጥም።"

ቤቱ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። የወንድሙን ሚስት ከግድግዳው ወዲያ ማንም እንዳይቆም አስጠነቀቃት። ብናኙ ሳንባ እንዳይገባ የውሃ ጎማ ከቧንቧው ወደ ማሽኑ ቀጠለ፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አደረገ፤ ከቧንቧው ትይዩ ጀምሮ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ወርዱ አንድ ሜትር አድርጎ በጠመኔ አሰመረ። ብረቱ በየስንዝሩ እንደሚሆን ያውቃል። እያንዳንዱን እየበላ ከሄደ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደርስም። ካልደረሰ ወንድሙ መንገድ ላይ ነው የሚሞተው።

ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ አገሳ። መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል ብቻ ፈር አወጣ፤ ቀጥሎ በዚያው ፈር ጠለቅ አደረገ። የዲስኩ የላይኛው አፍንጫ ከነካ ማሽኑ ወደ ሰው ይዘላልና በታችኛው በኩል ብቻ እያስበላ፣ ፊቱን ከዲስኩ መስመር አርቆ ያዘው። ግራጫ ጭቃ ይወርዳል። የብረት ፍንጣሪ ጠበቀ፤ የለም። የግራውን መስመር እስከ ታች ጨረሰ፤ አንድም ብረት የለም።

ሞተሩን አጠፋ።

"ሌባ!" አለ። "የአባቱን ግድግዳ ብረት የሰረቀ!" እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስም ብሎታል፤ የተጣሉት ሰው ሌባ ሆኖ ሲገኝ ልብ ያርፋል።

የቀኙን ቆረጠ። እዚያም ብረት የለም። አሁን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘው፤ ብረት ከሌለው ከበላይ ያለው ኮንክሪት ሥሩ ሲከፈት ይናዳል። መሮና መዶሻ ይዞ ከላይኛው መስመር በላይ ፈነቀለ። ወፍራም ብረት አገኘ። አጠገቡ ሌላ። አራት ናቸው፤ በቀለበት ብረት ጥቅጥቅ ተደርገው ታስረው በግራም በቀኝም ከመስመሩ ያልፋሉ። ከመስመሮቹ ውጪም ፈነቀለ፤ በሁለቱም ጎን ጥንድ ብረት ቆሟል።

ይህን ለማወቅ ግንበኛ መሆን እንኳ አያስፈልግም። በር ነው። ሽቦ የጠብ ግድግዳ ሲያስር በር ትቶ ነው ያሰረው።

ቱንቢ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"ጋሼ! ምነው ዝም አለ? ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?" አለች ሴትየዋ ከወዲያ።

"አልተበላሸም" አለ፤ ድምፁ ግን የእሱ አልመስል አለው። ተነስቶ ገመዱን እንደገና ሳበ። የቀረውን በአግድም በአግድም እየሸነሸነ፣ ብረት አልባውን ኮንክሪት በመዶሻ ከላይ ወደታች አወረደው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስባሪውን ጠርጎ፣ ቃሬዛ እንዳይዝ ጠርዙን አለሰለሰ።

መኪናው መጣ። ቱንቢ ለማንም ሳይለቅ ቃሬዛውን በራስጌው በኩል ያዘ። አዲሱ በር ጋ ሲደርሱ ሽቦ እጁን አንስቶ የተቆረጠውን ጠርዝ ዳሰሰና "ቆይ" አለ። ቆሙ።

"ጋሼ፣ ብረት አገኘህ?"

"ከላይና ከጎን ብቻ።"

"የላይኛው እንዳይወድቅብህ ነው።"

"ምነው ሳትነግረኝ? ሰባት ዓመት ሙሉ!"

"ምን ልንገርህ? ስትሞላ ታየዋለህ፣ ስታየው ትጠራኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ሳትጠራኝ ስትቀር፣ አይተህ የደፈንከው መሰለኝ።"

"አላየሁትም" አለ ቱንቢ። "በአባታችን አጥንት እምላለሁ፣ ፊቴን አዙሬ ነው የሞላሁት።"

ሽቦ ትክ ብሎ አየው።

"እንግዲያ በከንቱ ነዋ የተቀየምኩህ" አለ።

ሽቦ ስምንት ቀን ቆየ። ስምንቱንም ቀን ቱንቢ በዚያ በር ሲገባ ሲወጣ፣ ሲያገላብጠውና ውሃ ሲያጠጣው ሰነበተ። የሰባት ዓመቱን ወሬ ግን በስምንት ቀን ማን ይጨርሰዋል? በዘጠነኛው ቀን በዚያው በር ተሸክመው አወጡት። ቱንቢ ዛሬም ሳንቃ ሊዘጋ ሲል ወደ ውስጥ አጎንብሶ ብረቱን ሳያይ አይሞላም።