በጓንት የተመረቀችው ሙሽራ

1.

«አፍህን ክፈት።»

ይህን ያለችው ወይንሸት ናት፤ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት። አፍህን ክፈት የተባሉት አቶ ሽብሩ ናቸው፤ በዕድሜ አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው። አንተ ማለቷን ልብ በሉልኝ። እሷ ልብ አላለችውም።

2.

የቆዳ ሕሙማን ሲጋራ ማቆሚያ ሳምንታዊ ቅጽ

ስም፦ ሽብሩ
ሕመም፦ መዳፍ ላይ መግል የሚቋጥር ሽፍታ (ሲጋራ ያባብሰዋል)
ሥራ፦
በዚህ ሳምንት አጭሷል?፦ አዎ
ዳግም ማጨስ ከጀመረ፣ ምክንያቱ፦

ሥራ የሚለውን ዘለለችው። አጫሽ ደግሞ ምን ሥራ አለው?

3.

ደንቡ እንዲህ ነው። ስምንት ሳምንት ላላጨሰ ፋርማሲስቷ ትፈርምለትና ወደ ቆዳው የብርሃን ጨረር ሕክምና ይገባል። ካልፈረመች አይገባም።

አቶ ሽብሩ የቸኮሉት ወደው አይደለም። ልጃቸው ማህደር ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ በባዶ እጃቸው ራሷን ዳብሰው ሊመርቋት ፈለጉ። የቆሰለ እጅን ሰው ይሸሻል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም የሚሉት በጓንት ነው።

4. አምስተኛው ሳምንት፣ ቃል በቃል

አቶ ሽብሩ፦ ማርያምን ዶክተር፣ ካቆምኩ አምስት ሳምንቴ ነው።
ወይንሸት፦ ኮትህ ሌላ ነው የሚለው።
አቶ ሽብሩ፦ ኮቱማ እኮ...
ወይንሸት፦ በቃ! ቀጣይ!

5.

ስለ አፍንጫዋ።

«እኔን አጫሽ አያታልለኝም» ትላለች ለባልደረቦቿ። ዲግሪውን የተቀበለችው እሷ ናት፤ የሚሠራው ግን አፍንጫዋ ነው። ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮማ «አዎ»ን የምትሞላው ጠዋት ሻይዋን እየጠጣች፣ ሰውየው ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ነበር። ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ያንገሸግሸኛል፤ አልደብቃችሁም።

6.

ስምንተኛው ሳምንት፦ አዎ።

ፊርማ፦

የለም።

7.

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ሴት መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ቆመች። የጣቶቿ ሂና ገና አልለቀቀም።

«ማህደር እባላለሁ፤ የአቶ ሽብሩ ልጅ። አባዬ በጓንት መረቀኝ። ለምንድነው ያልፈረሙለት?»

«ያጨሳላ! ይሸታል እኮ።»

«ከረምቦላ ቤት ነጥብ ያዥ ነው። ሲያጨስ የሚውለው ተጫዋቹ ነው። የት እንደሚሠራ አልጠየቁትም?»

ወይንሸት መሳቢያውን ከፈተች። ስምንት ቅጽ። ስምንት «አዎ»። ሥራ ከሚለው ፊት ስምንት ባዶ ቦታ።

«እንግዲያው... ነገ ይምጡ፤ እፈርምላቸዋለሁ» አለች። አንቱታው አሁን መጣላት።

«አይመጣም» አለች ማህደር። «የሰርጉ ዕለት ማታ ጓንቱን አውልቆ ጣለና አንድ ፓኮ ሲጋራ ገዛ። አሁን አዎ ብለው ይጻፉ። አሁን ልክ ነዎት።»

8.

ዘጠነኛው ቅጽ። ወይንሸት ስም ሞላች። ሕመም ሞላች። ሥራ ሞላች፤ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት። አዎ አለች።

አንድ መስመር ቀረ። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው።

ዳግም ማጨስ ከጀመረ፣ ምክንያቱ፦