ባንድ ጣሪያ ሁለት መድን

ሰፈሩ «ባለአስሩ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት መስታወት ቆርጦ አስሩም ጣቶቹ ከነጥፍራቸው የቀሩለት ሰው በመንገዱ ላይ እሱ ብቻ ነዋ! አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የምስክር ወረቀት አያሳይም። ሁለት እጁን ዘርግቶ «ቁጠር» ነው የሚለው። እንግዲህ መንግሥት «የጤና መድን ግዛ» ብሎ ወረቀት የላከው ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር።

ወረቀቱ አጭር ነው። ከዓርብ በኋላ የመድን ካርድ የሌለው ነጋዴ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ፈቃድ የሌለው ሱቅ ደግሞ ይታሸጋል።

ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቁማ የቀረውን ዕውቀት መስታወት ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅማ የተማረች ልጅ ናት፤ ያነበበችውን ነገር እንደ ዋዛ አታልፈውም።

«አባዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ቢሆንስ? ታምሜ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ጤነኛውን ሰው ምን ሁን ነው የሚሉት? ዳቦ የምገዛው ስለራበኝ ነው ወይስ ታዝዤ?»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስብርባሪ እየጠረገች ነበር። መጥረጊያዋን አቆመች።

«ለመሆኑ ለአንድ መስኮት ዋጋ ስትናገር፣ ለስባሪ ብለህ ጣል የምታደርጋት ነገር የለችም?»

«አለች። መስታወት ይሰበራላ!»

«የሁሉም ነው የሚሰበረው?»

«ከሃያው ያንዱ ቢሰበር ነው።»

«ሃያውም ግን ይከፍላል። አንዱ መጥቶ ‹የኔ አይሰበርም› ቢልህ ልትቀንስለት ነው? መድን ማለት እኮ ይኸው ነው። ጤነኛው ካልገባበት በሽተኛ ብቻውን ተሰብስቦ ምን ያዋጣል?»

ባለአስሩ እየቆረጠ አያወራም። ማስመሪያውን አስተካከለ፣ መቁረጫውን አንዴ ሳበ፣ መስታወቱን ከታች መታ መታ አድርጎ ቀጭ አደረገው። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለው።

«ጥሩ ተናገርሽ። አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። የኔ ዋጋ ያልጣመው ሰው መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ይገባል። እኔ መንግሥት ካልጣመኝ ወዴት ልሻገር?»

ልጅቷ እንዲህ ያለ መልስ ስትሰማ ንዴቷና ኩራቷ እኩል ነው የሚነሱት። የዚህ ምላስ ወራሽ እኮ ናት። እሱ ቢረታት ግን ሱቁ ከመታሸግ አይድንም።

ሐሙስ ጠዋት ቅጹን ሞልታ መጣች። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቅጽ ነው የሚመዘገበው፤ ከላይ አባወራ ወይም እማወራ፣ ከታች ጥገኛ። ከላይ የራሷን ስም አስቀምጣለች፣ ከታች የሱን።

«በቃ አንተ አትገዛም» አለችው፣ በብልሃቷ ፊቷ በርቶ። «እኔ እገዛለሁ፣ ፈቃዱንም በስሜ አወጣዋለሁ። አንተን ያዘዘህ የለም ማለት ነው።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ቅጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ጥገኛ» አለ። ቃሉን እንደ መረረ መድኃኒት ነበር ያወጣው። «ማነው ጥገኛ?»

«ቅጹ ነው እንደዚያ የሚለው።»

«የጻፈው እጅ ግን ያንቺ ነው።»

ኮቱን መንጭቆ ወጣ። ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ከፍቶት ሲሄድ አይታ አታውቅም። ቆልፋ እየሮጠች ተከተለችው።

ስትደርስ ከመድን ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ፊት ቆሟል። ከመስኮቱ ወዲያ ማህተም የያዘች ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ እኔ የማንም ጥገኛ አይደለሁም። በራሴ ስም ጻፊኝ።»

«መልካም፣ አባቴ። እንግዲያው ልጅዎ በርስዎ ሥር ጥገኛ ሆና ትገባለች።»

«ማን? እኔ?» አለች ልጅቷ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ። «ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ እየሠራሁ!»

ጸሐፊዋ አንዴ አባትን፣ አንዴ ልጅን አየች። «የምትኖሩት አንድ ቤት አይደለም እንዴ?»

«አንድ ቤት ነው» አሉ እኩል።

«ታዲያ አንድ ቅጽ ይበቃችኋል። ሁለት ከሞላችሁ መዋጮውም እጥፍ ነው።»

«እጥፍ ይሁን» አለ ባለአስሩ።

«እጥፍ ይሁን» አለች ልጁ።

ከኋላ የተሰለፈ አንድ ሹፌር ሳቁ አመለጠው። «እኛ አንዱን አልከፍልም ብለን ስንነታረክ፣ እነዚህ ሁለት ካልከፈልን ይላሉ!»

ባለአስሩ ዞረበት። «አምኜበት እንዳይመስልህ! ግዴታው ዛሬም ስህተት ነው።» ጸሐፊዋ የሰጠችውን አዲስ ቅጽ ገልብጦ፣ በሱቁ ሰሌዳ ላይ በሚጽፍበት ያማረ እጁ «ሳልስማማ ከፈልሁ» ብሎ ጻፈበት።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ቦታ የለውም» አለች ጸሐፊዋ።

«እንዴት የለውም? ጀርባው ባዶ ነው።»

ልጅቷ ጽሕፈቱን አየችው። በመድኑ ነገር ዛሬም ተሳስቷል፤ በዚህ ልቧ አይጠራጠርም። አንገቱን ደፍቶ የሚፈርም አባት ግን አትፈልግም ነበር። ቢሰጧትም አትወስድም።

«ሥራ?» አለች ጸሐፊዋ።

«መስታወት ቆራጭ።»

«አንቺስ? ረዳት ልበል?»

«የምን ረዳት!» አለ አባቷ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት። «ቆራጭ ናት። ልክ እንደኔ።»

በሕይወቱ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ስታበላሽ ይናገራል፣ ስታሳምር ዝም ይላል፤ አመሉ ነው።

ማህተሙ ሁለት ጊዜ አረፈ። «በሉ፣ በዚሁ ካርድ ዛሬውኑ ፈቃዳችሁን አሳድሱ» አለች ጸሐፊዋ።

«እህቴ፣ ‹እንደኔ› ያለውን እንዳትጽፊው» አለቻት ልጅቷ፣ ካርዷን እየተቀበለች። «ክብ መስታወት ሲቆረጥ እበልጠዋለሁ።»

ጸሐፊዋ ፈርታ ወደ አባትየው ተመለከተች።

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ ባለአስሩ፣ ለሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ክብ ብቻ ግን።»