አስተዳዳሪው ቤቱ ሲገባ ምን ይላል?

አይናዲስ አንድ ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም። ባሏ ወልደ ሚካኤል «አንቺ የሰው ሆድ ካልገለበጥሽ አይነጋልሽም» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም አትክድም።

የዘጠና አምስቱ ግንቦት ግን የቀልድ አልነበረም። የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ኃይለ ሚካኤል ከሉማሜ ከተማ ገባ ብላ ወዳለችው መንደራቸው ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን ጥሩብርሃንን ለልጁ ጠይቋል። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ እንከን አልተገኘም። ሙሽሮቹም እዚያው አስተዳዳሪው ግቢ እንዲኖሩ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው እሁድ «እሺ» ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ ማክሰኞ ዕለት የማዳበሪያ ስብሰባ ተጠራና ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አለበል የሚባል ጭምት ገበሬ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ አምና የሰጣችሁን ዘር አልበቀለም፤ ዘንድሮስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኃይለ ሚካኤል ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ለጥፎ፣ «አንተን ከበሬህ የሚለይህ ሱሪህ ብቻ ነው» አለው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አይናዲስም ስቃለች። አለበል ቁጭ ሲል ሱሪውን ቁልቁል አየ፤ ያኔ ሳቋን አቋረጠች።

ቤት ሲገቡ ባሏን ያዘችው። «ይሄ ሰውዬ እውነት እንዲህ ነው?»

«ምላሱ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው። ሰው ፊት ቆሞ የማይቀባጥር ማን አለ?»

«ምላሱስ የማን ነው? ከጎረቤት ተውሶት ነው?»

ወልደ ሚካኤል ከብቶቹን ሊያይ ወጣ።

እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። ሰው ሕዝብ ፊት የሚሳደበው ስድብ እውነተኛ ጠባዩ ነው ወይስ እንደ ክት ልብስ ለአደባባይ ብቻ የሚያወጣው? ድምፅ ማጉያ በሌለበት፣ የሚስቅለት በሌለበት፣ ቤቱ ሲገባ ምን ይላል? አያት ቅድመ አያቱን ሲቆጥሩ የከረሙት ሽማግሌዎች ስለ አፉ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ጉድ እኮ ነው። እንግዲያው እኔው አጣራለሁ አለች።

ማንን ትጠይቅ? ሚስቱን ብትጠይቅ ታሞግሰዋለች፤ ጠላቱን ብትጠይቅ ያብጠለጥለዋል። ስታወጣ ስታወርድ አሰገደች ትዝ አለቻት። አሰገደች የአይናዲስ እኩያ ናት፤ አስተዳዳሪው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታበስልና ስታጥብ ኖራለች። ሐሙስ ሐሙስ ወፍጮ ቤት እንደማትቀር ደግሞ ሁሉም ያውቃል። አይናዲስ ቤቷ ዱቄት ሞልቶ ሳለ አንድ ቁና ስንዴ ይዛ ሄዳ ከኋላዋ ተሰለፈች።

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ወረፋው አወራች። ቀጥላ፣ «አቶ ኃይለ ሚካኤል ቁጡ ናቸው ይባላል። ይሰድቡሻል እንዴ?» አለቻት።

አሰገደችን ከልቧ ገረማት። «እሳቸው? ኧረ በፍጹም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰድበውኝ አያውቁም፤ ማርያምን።»

ፊቷን አየችው፤ አትዋሽም። አይናዲስ እፎይ አለች። በቃ፣ ሰውየው የሚቀባጥረው ለአደባባይ ነው፤ ልጇን በሰላም ትድራለች።

ወዲያው ተራ ደረሰና አሰገደች ጆንያዋን ስታነሣ ክርኗ የአይናዲስን ቁና ገፋው። ስንዴው መሬት ላይ ተበተነ።

«ምን ዓይነት ከብት ነሽ አንቺ! ዓይንሽ አያይም?»

ቃሉ ከአይናዲስ አፍ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ፊቷ ጋለ። አሰገደች ግን ምንም እንዳልተባለች ሁሉ ተንበርክካ ስንዴውን መልቀም ይዛለች።

«ይቅር በይኝ እህቴ፤ ሳላስበው ሰደብኩሽ።»

አሰገደች ቀና ብላ አየቻት፤ ግራ ገብቷታል። «መቼ ሰደብሽኝ?»

«ከብት አልኩሽ እኮ።»

«እሱማ ስድብ ነው እንዴ?» አለችና አፈሩን እፍ ማለቷን ቀጠለች።

አይናዲስ እዚያው ቁጭ አለች። ሴትዮዋ እውነትም አልዋሸችም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲወርድባት የኖረውን ስድብ ብላ አትቆጥረውም። የሰውየውን ነገር ከዚህ በላይ ማጣራት አያስፈልግም። አሁን ያስፈራት የራሷ ምላስ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ጥሩብርሃን ደጅ ላይ ጌሾ እያሰጣች ነበር።

«ጥሩዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ እሰድብሻለሁ?»

ልጅቷ ሳቀች። «ምን ነካሽ እማዬ? አንቺ ደግሞ መቼ ሰድበሽኝ ታውቂያለሽ?»

አይናዲስ ግን ትናንት ወተቱ ሲገነፍል ያለቻትን ታስታውሳለች። ከትናንት ወዲያ ያለቻትንም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። ወልደ ሚካኤል «እሺ» ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ አይናዲስ ቀደመችው።

«ለአሁኑ አይሆንም። አንድ ዓመት ስጡን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «ምነው ወይዘሮ አይናዲስ፣ በአቶ ኃይለ ሚካኤል በኩል ጉድለት ተገኘ?» አሏት።

«የእሳቸውን እሳቸው ያውቃሉ። እኔ የምነግራችሁ የራሴን ጉድለት ነው። ልጄ ስትሰደብ አይታወቃትም። ነገ እዚያ ቤት ገብታ እንዴት ነሽ ብላት ደህና ነኝ ትለኛለች፤ እኔም አምኜ እቀመጣለሁ። ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ ሳላስረሳት አልድራትም።»

ወልደ ሚካኤል አንገቱን ደፋ። ጓዳ ሆና የምትሰማው ጥሩብርሃን ግን እናቷ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባትም።