ቅዳሜ የሚያልቀው ጋራንቲ

አቃቂ ውስጥ ሞተር ሲታመም ከመካኒክ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሰው ይንቀኛል እንጂ፣ ታክሲ ተራው ላይ ሦስት ዓመት ሻይ ስሸጥ ጆሮዬ ዲግሪውን ይዟል። ዞር ብዬ ሳላይ የማን መኪና እንደመጣ እናገራለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት የአጎቴ የወንድዬ መኪና ዳገት ላይ ኳ ኳ ኳ ማለት ስትጀምር ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። እዚሁ አገር የተገጣጠመች አዲስ መኪና ናት። ወንድዬ ከብረታ ብረት ፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ ቂሊንጦ ሠራተኛ ያመላልስባታል። ጋራንቲዋ ግን ቅዳሜ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሯ ቢበተን የራሱ ዕዳ ነው።

ረቡዕ ሻዬን ትቼ አብሬው ቃሊቲ፣ የሻጩ ድርጅት ጋራዥ ሄድኩ። ዋናው መካኒክ ጋሽ ኩምሳ ይባላሉ። ሞተሩን አስነስተው አዳመጡና ምንም ድምፅ የላትም አሉ። እውነትም ስትቆም ጭጭ ነው የምትለው፣ እንግዳ ፊት እንዳለ ልጅ። ሐሙስ ተመለሱ ተባልን። ሐሙስ ስንሄድ ጋሽ ኩምሳ ሥልጠና ገብተዋል፣ ዓርብ ኑ።

ያኔ ነቃሁ። ቀን እየገደሉብን ነው። ፋይል የምትይዘው ልጅ ዘበኛውን ጠቀሰችው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አንድ ለአምስት ተደራጅተውብናል አልኩት ወንድዬን። እሱ የዋህ ነው፤ "ተይ የሺ፣ ሰው አትጠርጥሪ" ይለኛል። እንዴት አልጠረጥር? ከሰኞ ጀምሮ የእናቴ የምድጃ ላምባ ከነጀሪካኑ ጠፍቶ፣ ጎረቤታችንን እትዬ አማረችን በዓይነ ቁራኛ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።

ዓርብ ቀድሜ ጋቢና ገብቼ ቁጭ አልኩ። ዳገት ካልወጣን አልወርድም አልኩ። ጋሽ ኩምሳ ወንድዬን አዩት፣ ወንድዬ መሬት መሬት አየ። የሳሪስ አቦን ዳገት ስንያያዘው ጀመራት፤ ኳ ኳ ኳ።

"ሰሙ አይደል ጋሽ ኩምሳ? ወይስ ይሄም እስከ ቅዳሜ አይሰማም?"

ወንድዬን መኪናዋን እንዲያዞር አዘዙት። ጋራዥ ስንመለስ በቀጭን ጎማ ከታንከሯ ትንሽ ነዳጅ በጠርሙስ ቀዱ። ወረቀት ላይ ከሷ አንድ ጠብታ፣ ከሌላ መኪና ቤንዚን አንድ ጠብታ አደረጉ። የሌላው ወዲያው ደርቆ ጠፋ። የኛው እንደ ቅባት ተዘርግቶ ቀረ። ማስረጃ እየፈበረኩብን ነው ብዬ ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

የት እንዳስቀዳ ወንድዬን ጠየቁት። ሁልጊዜ ማደያ ነው አለ። ሰኞ ብቻ ቤንዚን ጠፍቶ፣ እሱ ፈረቃ ላይ ስለነበር እኔ በጀሪካን ተሰልፌ እንዳመጣሁለት ነገራቸው። እውነቱን ነው፤ ፀሐይ ላይ አራት ሰዓት ተገትሬያለሁ። ቤት ያገኘሁት ቢጫ ጀሪካን ግማሽ ያህል ነገር ነበረበት፤ የወንድዬ ትራፊ ቤንዚን ነው ብዬ ላዩ ላይ አስሞላሁበት።

ጋሽ ኩምሳ የመኪናዋን ኋላ ከፈቱ። ጀሪካኑ እዚያው ተጋድሟል። ክዳኑን ፈተው አሸተቱና ወደ እኔ አስጠጉት። የእናቴ ምድጃ ሸተተኝ።

ለወንድዬ ቀስ ብለው አስረዱት። ላምባ የገባበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተር ያስንኳኳል፤ ጋራንቲ ደግሞ ይህን አይሸፍንም። ታንከሯ ታጥቦ ንጹህ ቤንዚን ከገባባት ትድናለች፤ አንድ ሳምንት እንዲሁ ብትነዳ ግን ሞተሯ አይተርፍም ነበር። ወንድዬ እፎይ አለ፣ ከዚያ ዞሮ አየኝ። እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

"ቢሆንም ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ኩምሳ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ጆሮሽስ ደህና ነው" አሉኝ። "አፍንጫሽን ታከሚ።"