ገጽ አርባ አንድ

የቫይሎሎ መንደር ሰው ሲሊያ የጻፈችውን መጽሐፍ አላነበበም። ያነበበው ገጽ አርባ አንድን ነው። አንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዋና ከተማው አፒያ ላለ ዘመዱ ላከ፣ ዘመድየው ባሕር ማዶ ኦክላንድ ላለች እህቱ ላከ፣ እህትየዋ ለማን እንዳልላከች እግዜር ይወቅ፤ በሳምንቱ ገጹ በሬዲዮ ይነበብ ጀመር። እየደወሉ አስተያየት የሰጡት ሁሉ «መጽሐፉን እንኳን ገና አላገኘሁትም፣ ግን...» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከ«ግን» በኋላ ያለው ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ሲሊያ በመንደሩ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ወንድ ተብላ ተወልዳ በሴት ወግ ያደገች፣ የአገሩ ሰው ፋፋፊኔ የሚላት ናት። ይህ በቫይሎሎ ወሬ ሆኖ አያውቅም። መዘምራኑን የምታሰለጥነው እሷ፣ የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋው እሷ፣ አልጋ የያዘ ሰው ሲኖር የምታጥበውም እሷው ናት። ሰውን ያስቆጣው መጻፏ ነው። «ማን ከለከላት?» ይሉ ነበር ሴቶቹ ጎደሬ በሚመስለው በታሮ ቅጠል የኮኮናት ወተት እየጠቀለሉ። «ሁላችንም እናውቃታለን። የምናውቀውን ነገር መጻፍ ምን አመጣው?» አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ከመጀመሪያውም የእግዚአብሔር ሥራ አይደለም የሚል አዲስ እምነት በዚያው ሳምንት ይዞ ብቅ አለ። ከነዚህ አንዱ፣ የልጁ የሠርግ ቀሚስ ሲሊያ ቤት በጅምር የተቀመጠበት ሰውዬ ነው።

ገጹ የሚለው አጭር ነው። አንድ የቤት ራስ የሆነ ታላቅ ሰው፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጸጉሯን አስረዝማ አበባ በመሰካቷ፣ በማታ ጸሎት ሰዓት ቤተሰቡን ሁሉ አስቀምጦ በልብስ መቀስ ጸጉሯን ከሥሩ ቆረጠው፤ መቀሱ ከጆሮዋ ኋላ ሥጋዋን ይዞ ደም ሲወርድ እንኳ መዝሙሩ አልተቋረጠም። ስም የለም። ሲሊያ ያደገችው ግን በእናቷ ወንድም በሰኡማላ ቤት መሆኑን የማያውቅ የለምና፣ ስም መጥራት አላስፈለገም።

ሰኡማላ ከመንደሩ አለቆች አንዱ፣ አፈ ጉባኤውም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲናገሩ፣ ሌላ መንደር ያለ ሰው ሳይቀር ለመስማት ይመጣል። ሰው የተቆጣው ለሳቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የተጠበሰ ዓሣና ታሮ እየያዘ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በየተራ መጣላቸው። ያሳደጓት ልጅ ስምዎን አጠፋችው፣ ያጎረሰ እጅዎን ነከሰችው ይላሉ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ይላሉ። ሰዎቹም ይህን ዝምታ ትዕግሥት አድርገው ይዘውት ይሄዱና፣ የዚህ ሰው ልቡ እንዴት ሰፊ ነው እያሉ ያወሩላቸዋል።

የምን ልብ ስፋት። ሽማግሌው ፈርተው ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

ቅዳሜ ጉባኤው ተሰበሰበ። በጉዳዩ ላይ ለመናገር የተነሳው ታፓኦ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ንግግሩ ግን የተሰባበረ፣ የሰኡማላን ወንበር ከተመኘ ቆይቷል። እንዳጋጣሚ ሆኖ የዚያን ቀን ቃል አልጠፋውም። አለቃ የተሰደበበት መንደር መንደር አይባልም አለ። ልጅቷ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ሰኡማላ ቤት ፊት ኢፎጋ ትቀመጥ፣ ያን ገጽ ውሸት ነው ትበል፤ ካላለች ዕቃዋን ጭና ከቫይሎሎ ትውጣ። ፓስተር ኤሌካና ለስለስ አድርገው፣ ይቅርታ ለሁላችንም ይበጃል ሲሉ ደገፉት። ሰው ሁሉ ወደ ሰኡማላ ዞረ። ተበዳይ ናቸውና መናገር አይጠበቅባቸውም፤ ቢናገሩ ግን ማን ይከለክላቸዋል? እሳቸው ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት፣ በቃ። ጉባኤው ያንኑ ስምምነት ነው ብሎ ተበተነ።

ኢፎጋ ቀላል ነገር አይደለም። የበደለ ሰው በተበደለው ቤት ደጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ከራስ እስከ እግሩ ጥሩ ሰሌን ይከናነባል። ሰሌኑን ሊገልጥለት የሚችለው የተበደለው ብቻ ነው። ካልገለጠለት ፀሐይም ይምጣ ዝናብ እዚያው ነው። በድሮ ጊዜ ሳይገለጥለት በዱላ የተመታም አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲሊያ የሰኡማላን ባለቤት ፎሌን እግር ታጥብ ነበር። ፎሌ ግማሽ አካሏን ስትሮክ ከመታት ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ የምታገላብጣት፣ የምታጎርሳት፣ የማጉተምተሟን ትርጉም የምታውቀው ሲሊያ ናት። ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ መጋረጃው ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ውስጥ እያየ እርምጃውን ይቀንሳል።

«ጉባኤው ያለውን ሰምተሻል» አሉ ሰኡማላ።

«ሰምቻለሁ አባባ።»

«እና?»

«እቀመጣለሁ። ሰሌን መከናነቡ አይከብደኝም። ውሸት ነው ማለቱን ግን አልችልበትም።»

«አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«እርስዎ በቃል ነው የሚኖሩት፣ እንዴት አንዲት ቃል ይሉኛል?» አለችና እግሩን በፎጣ ማድረቅ ቀጠለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሽማግሌውን ይበልጥ ያሳመማቸውም ይኸው ነው። ሰኞ እንደምትሄድ፣ ሳሌሎሎጋ ከተማ አንድ ጓደኛዋ ክፍል እንዳላት ነገረቻቸው። ፎሌ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለባት፣ ዱባው ካልተፈጨ እንደሚያንቃት አስታውሳ፣ ይህን ለማን እንደምታሳይ ጠየቀች። ለሙታን፣ ለሙሽሮች፣ ለሚኒስትር ሳይቀር ቃል ያልጠፋቸው ሰው ጭራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

ይሄኔ ፎሌ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቃሉ ከአፏ ለመውጣት ጊዜ ወሰደበት፣ ሁለቱም ጠበቁ።

«መቀሱ... የኔ ነበር» አለች። ባሏን እያየች ነው። «እኔ ነኝ ያቀበልኩህ።»

ሲሊያ ፎጣውን ይዛ ቀረች። ሰኡማላ ተነስተው ወደ ባሕሩ ወጡ። ፎሌ ግማሽ አፍ ይዛ ያወጣችውን እኔ ሙሉ አፍ ይዤ ሃያ ስምንት ዓመት ዋጥኩት አሉ በልባቸው። አፈሩ፤ ከዚህ በፊት ሰው እያያቸው አፍረው ያውቃሉ፣ ማንም ሳያያቸው ሲያፍሩ ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ሰው ጥሩ ቦታ ለመያዝ ማልዶ ወጣ። አንዳንዱ ሻዩን በኩባያ ይዞ መጥቷል። የሰኡማላ ቤት ደጅ ባዶ ነበር። ታፓኦ፣ ኮራች እንግዲህ ማለት ጀምሮ ሳይጨርስ፣ አንዲት ሴት በጣቷ ወደ ጓሮ አመለከተች። ሲሊያ በምትኖርባት ትንሽ ቤት ፊት፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር፣ ሰው ሰሌን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሰሌኑ ለሰኡማላ ቀብር ተብሎ ከፍራሽ ሥር የተቀመጠው፣ ሐር የሚመስለው ነው። ከሥሩ ብቅ ያሉት እግሮች የሽማግሌ እግሮች ናቸው፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል።

ጉድ ፈላ። አለቃ ለራሱ ቤት ልጅ ኢፎጋ ሲቀመጥ ያየም የሰማም የለም። ኢፎጋ ቤተሰብ ለቤተሰብ፣ መንደር ለመንደር ነው። ታፓኦ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል። የተሰደቡት እኮ እርስዎ ነዎት። ይነሱ፣ ሰው እያየ ነው።»

ከሰሌኑ ሥር ድምፅ የለም። ፓስተሩ ሊገልጡ እጃቸውን ዘረጉና፣ የማን ሥራ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው መልሰው ሰበሰቡት። ሰሌኑ ሥር ሙቀት ነበር፤ ሽማግሌው የራሳቸውን ትንፋሽ እየሰሙ ተቀመጡ። ካልወጣችስ? ባትወጣም ያባት ነው፤ ያን ማታ እሷም እንዲሁ ተቀምጣ ነበርና። ግን እንድትወጣ ፈለጉ። በዚህ ዕድሜያቸው አንድም ነገር እንዲህ አልፈለጉም።

ሲሊያ ወጣች። ወዲያው አልገለጠችም፤ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። በእጇ መጽሐፉን ይዛለች።

«አንብበውታል?» አለች።

«አላነበብኩትም» አለ ሰሌኑ። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ቃጥቶት ተወው።

እንግዲያው ላንብብልዎ አለችና ገጽ አርባ አንድን ክፍል ውስጥ እንደምታነብበው ቀስ አድርጋ አነበበች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነውና ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ገለበጠችው። ሰው የማያውቀው ገጽ መጣ። በማግሥቱ እሑድ፣ ይላል መጽሐፉ፣ ያ ታላቅ ሰው የሚስቱን ነጭ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አምጥቶ የልጅቷ ራስ ላይ አደረገላት። ሴቶች የሚያደርጉትን ባርኔጣ። ምንም አላለም። እጇን ይዞ ከፊት ወንበር አጠገቡ አስቀመጣት። ልጅቷ ያን ቀን፣ እሱ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፣ በአፉ ማለት ብቻ ነው ያቃተው ብላ አመነች፤ ይቅር ያለችውም በዚያች ባርኔጣ ነው።

አንዲት አሮጊት አፍንጫዋን ጠረገች። ታፓኦ እንኳን መሬት መሬቱን አየ። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው አንድ ያማረ ነገር ቢናገሩ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል፤ ቃሉም አፋቸው ላይ ተሰልፎ ቀርቧል፤ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ሥራ ነው። ሰኡማላ ባርኔጣውን አስታወሱት። ለምን እንዳመጡትም አስታወሱ።

«ሲሊያ» አሉ። በአፈ ጉባኤ ድምፃቸው አልነበረም። «ባርኔጣውን ያደረግኩልሽ ቁስሉን ፓስተሩ እንዳያይ ብዬ ነው። እጄ የገባው እሱ ነበር። የቆረጥኩሽም እኔ ነኝ፣ ባርኔጣውም... ሁለቱንም ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለውም። በድዬሻለሁ።»

ከሰሌኑ ውጭ ምን እንዳለ አይታያቸውም፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ሰሙ። ያለኝን አንዲት ጥሩ ገጽ በገዛ አፌ ቀደድኳት አሉ በልባቸው፣ እንግዲህ ተነስታ ትሄዳለች።

«አውቅ ነበር አባባ» አለች። ድምጿ ከቅርብ መጣ። «ያኔም አውቅ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን እንደዚያ ሆነው እንዲኖሩልኝ ፈለግኩ።»

ሰሌኑንም በሁለት እጇ ይዛ ከራሳቸው ላይ ገለጠችው።